የሴሚናሪ ትምህርትና ፍሬው፦ የላክነው ሰው ሲመለስ የት ይቀመጣል?



በደቡብ አገር በሚገኝ አንድ የፕሮጀክት ወረዳ ከአብያተ ክርስቲያናት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠን የዓመቱን ሥራ ስንመረምር፣ በዕድሜ የገፉ አንድ አባት እጃቸውን አንሥተው እንዲህ ሲሉ ጠየቁን። «ልጆቼ፣ እኛ ከመባችን ለተራበ የሚሆን በየሳምንቱ እናስቀምጣለን። እናንተ ደግሞ ሌላ መዋጮ ጨምሩና የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት የጨረሰውን ሰው እንደገና ሴሚናሪ እናስገባው ትላላችሁ። ሰውየው ቃሉን ያውቃል፤ ይሰብካል። የሚቀረው ምንድን ነው? ደግሞስ ተምሮ ሲጨርስ ወደ እኛ ይመለሳል ወይ?»

ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። እኛ ራሳችን ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ያለፈ ትምህርት ስለሌለን፣ ወዲያው የምንመልሰው አጣን። ስለዚህ ነገሩን መርምረን በዚህ መጽሔት ልናስረዳ ቃል ገባን፤ ይህ ጽሑፍ ያንን ቃል ለመፈጸም የተዘጋጀ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ትምህርቱ ምንድን ነው?

አብዛኞቻችን የምናውቀው የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ወንጌላውያንንና የአጥቢያ አገልጋዮችን የሚያዘጋጅ ነው። ከዚያ በላይ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጡ የነገረ መለኮት ኮሌጆችና ሴሚናሪዎች አሉ። የድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚባለው ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው የሚገባበት ነው። እርሱም በዓይነቱ ይለያያል። አንደኛው ለመጋቢነት አገልግሎት የሚያዘጋጀው ሲሆን ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ሁለተኛው በአንድ የትምህርት ዘርፍ የሚሰጥ የማስትሬት ዲግሪ ሲሆን በአብዛኛው በሁለት ዓመት ይጠናቀቃል። ሦስተኛው ምርምር ላይ ያተኮረና ተማሪው የራሱን ጥናት ጽፎ የሚያቀርብበት ነው።

ተማሪው የዕብራይስጥና የግሪክ ቋንቋ፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ የእምነት ትምህርት፣ ክርስቲያናዊ ሥነ ምግባርና የምክር አገልግሎት ይማራል፤ በአጥቢያ ውስጥም በመምህር እየተመራ ያገለግላል። እንግዲህ ልዩነቱ በመጽሐፍ ብዛት ብቻ አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ምን እንደምናስተምር ተምረናል። በድኅረ ምረቃ ትምህርት ግን አንድ ጥያቄ በፊቱ ሲቀርብለት እንዴት እንደሚመረምር፣ ክፍሉን በጊዜውና በቦታው እንዴት እንደሚያነብ፣ የተለያዩ ሰዎች ያሉትን መዝኖ እንዴት እንደሚፈርድ ይለማመዳል። ስለዚህ ይህ ትምህርት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው መምህራንን ለሚያስተምሩ፣ ለመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችና ቤተ ክርስቲያንን በአዲስ ጥያቄ መካከል ለሚመሩ ሰዎች ነው።

ይህ በአገራችን ትንሽ ነገር አይደለም። በ1984ቱ የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንት የተባለው ከሕዝቡ 5.5 ከመቶ ነበር። በ1994 ይህ ቁጥር 10.2 ከመቶ፣ በ2007 ደግሞ 18.6 ከመቶ ደርሷል። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ በዚህ መጠን ያደገ ሕዝብ ብዙ ወንጌላውያን ያስፈልጉታል። ወንጌላውያኑን ደግሞ የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል። አንድ የተማረ ሰው በየዓመቱ ሃያ ወንጌላውያንን ያስተምራል እንበል፤ በአሥር ዓመት ሁለት መቶ አጥቢያ ደረሰ ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ሒሳብ የሚሠራው ሰውየው በሥራው ላይ ከተገኘ ነው።

ፍሬው እንዴት ይቆጠራል?

ጌታችን ዛፍ በፍሬው እንደሚታወቅ አስተምሮናል። ሴሚናሪዎችም ፍሬያቸውን የሚቆጥሩበት መንገድ አላቸው። በሰሜን አሜሪካ የታወቁ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ስንቶች እንደ ገቡ፣ ስንቶች እንደ ጨረሱ፣ በስንት ዓመት እንደ ጨረሱና ከጨረሱ በኋላ ሥራ ማግኘታቸውን እየተከታተሉ ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ይጠበቅባቸዋል። መልካም ልማድ ነው። ሆኖም ይህ ቆጠራ ብዙውን ጊዜ የሚያቆመው ተመራቂው የመጀመሪያ ሥራውን ሲይዝ ነው። ተማሪውን የላከች ማኅበረ ምእመናን ግን ከዚያ አልፋ መጠየቅ ይገባታል። ከአምስት ዓመት በኋላ የት ነው? ማንን እያስተማረ ነው?

ይህን በድፍረት የጠየቀች አንዲት ቤተ ክርስቲያን በጓቴማላ ነበረች። በዚያች የመካከለኛው አሜሪካ አገር የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሴሚናሪ በ1938 ተቋቋመ። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ባይሆንም ታሪኩ ለሁላችንም ትምህርት ነው። በ1962 የሩብ ምዕተ ዓመቱ ፍሬ ሲቆጠር፣ ሴሚናሪው ካስተማራቸው መካከል በዚያች ቤተ ክርስቲያን በመጋቢነት ሲያገለግሉ የተገኙት 10 ብቻ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በትምህርት ላይ የነበሩት ደግሞ 6 ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ የመምህራኑ ስንፍና አልነበረም። ከገጠር የመጡ ወጣቶች ዋና ከተማ ተቀምጠው ከተማሩ በኋላ ወደ ድሃው መንደራቸው መመለስ ይከብዳቸው ነበር። ሕዝቡ በእውነት የሚሰማቸው ሽማግሌዎች ግን እርሻና ቤተሰብ ስላላቸው ጥለው ሊማሩ አይችሉም ነበር።

መምህራኑ ይህን ሲያዩ ከ1963 ጀምሮ ትምህርቱን ራሱን ወደ ተማሪው ወሰዱት። ተማሪው በቤቱ ያጠናል፤ መምህሩ በተወሰነ ቀን በአቅራቢያው ያገኘዋል። ይህ አሠራር ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ከዚህ የምንማረው ሴሚናሪ አያስፈልግም የሚል አይደለም፤ መቁጠር እውነቱን ያወጣል፣ እውነቱም አሠራርን ይለውጣል የሚል ነው።

የአንድ ተማሪ ፍሬ

በአገራችን ስለ ሴሚናሪ ትምህርት ፍሬ ሲነሣ የቄስ ጉዲና ቱምሳ ታሪክ ሊዘለል አይችልም። በ1929 በወለጋ ቦጂ ተወለዱ። በወጣትነታቸው በነቀምቴ ሆስፒታል በሕክምና ረዳትነት ሠርተዋል፤ በ1958 የቅስና ማዕረግ ተቀበሉ። ከ1963 እስከ 1966 በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት በሉተር ሴሚናሪ ተማሩ። ጊዜው በዚያ አገር የጥቁሮች የዜግነት መብት ትግል የተፋፋመበት ነበር። በ1966 ተመልሰው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ።

ፍሬው ምን ነበር? በ1972 ቤተ ክርስቲያኒቱ፣ በፕሬዚዳንቷ በአቶ አማኑኤል አብርሃምና በእሳቸው ዋና ጸሐፊነት ዘመን፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ሰነድ ላከች። በዚያን ጊዜ የምዕራብ አገር ለጋሾች ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለውኃ ጉድጓድ ገንዘብ ይሰጡ ነበር፤ ለወንጌል ሥራና ለአገልጋዮች ማሠልጠኛ ግን እየነፈጉ ነበር። ሰነዱ ይህን አሠራር ተቃወመ። ሰው አንድ ነው፤ ሥጋው ለአንድ ድርጅት፣ ነፍሱ ለሌላ ድርጅት ተከፋፍሎ ሊሰጥ አይገባም የሚል ነበር መልእክቱ። ነገሩ በዓለም አቀፍ ደረጃ ክርክር አስነሥቶ በ1974 በናይሮቢ በዚሁ ጉዳይ ላይ የምክክር ጉባኤ ተደርጓል። እኛ ዛሬ የእህል ከረጢትና መጽሐፍ ቅዱስ በአንድ መኪና ጭነን ስንሄድ፣ ያለ ኀፍረት የምንሄደው እንዲህ ያሉ ሰዎች አስቀድመው አስበው ስለ ጻፉልን ነው።

የደርግ ዘመን በመጣ ጊዜ ቄስ ጉዲና ታስረው ተፈቱ። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ሳለ ሕዝባቸውን ትተው መሄድን እንቢ አሉ። በሐምሌ ወር 1979 በአዲስ አበባ በኡራኤል አካባቢ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ተይዘው ተወሰዱ፤ በዚያው ሌሊትም ተገደሉ። አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1992 ነው። ወይዘሮ ፀሐይም ብዙ ዓመታት በእስር ቤት ቆይተዋል።

ይህን ሁሉ ሴሚናሪው አደረገው ማለታችን አይደለም። ልብ እንድንል የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው። ሲሄዱ የታወቁ አገልጋይ ነበሩ። ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያናቸው ከባድ ሥራ ሰጠቻቸው። የተማሩትን ያዋሉትም የገዛ ሕዝባቸው ለሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ሦስቱም ከሴሚናሪው በር ውጭ የሆኑ ነገሮች ናቸው።

ትምህርቱ ወደ ቅርብ መጣ

በዚያን ዘመን ከፍተኛ የነገረ መለኮት ትምህርት የፈለገ አፍሪካዊ ወንጌላዊ ብዙውን ጊዜ ባሕር መሻገር ነበረበት። ናይጄሪያዊው ዶክተር ባያንግ ካቶም በዳላስ ነው የተማሩት። በ1973 የአፍሪካ ወንጌላውያን ኅብረት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ዋና ጸሐፊ ሆኑ፤ በአህጉሩ ውስጥ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች እንዲቋቋሙም አጥብቀው ያሳስቡ ነበር። በ1975 መጨረሻ በሞምባሳ ባሕር ሰጥመው በ39 ዓመታቸው አረፉ። ሐሳባቸው ግን አልሰጠመም። በ1976 የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶችን ደረጃ የሚመረምር አፍሪካዊ ማኅበር ተመሠረተ። በ1977 በባንጊ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች፣ በ1983 በናይሮቢ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። በአዲስ አበባም በ1997 የኢትዮጵያ ድኅረ ምረቃ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ሥራ ጀመረ።

በ2006 የታተመው ባለ አንድ ጥራዝ የአፍሪካ መጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያ የ70 አፍሪካውያን ምሁራን ሥራ ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት ይህን ያህል ጸሐፊ ከአህጉሩ ማሰባሰብ አስቸጋሪ በሆነ ነበር። ይህም ከፍሬዎቹ አንዱ ነው።

በእኛ ዘንድ የሆነው

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወንድም ወደ ውጭ አገር ልከን አልተመለሰም። ብዙ ሰው ወቀሰው። እኛም ወቀስነው። በኋላ መዝገባችንን ስናገላብጥ ግን፣ ሲሄድ ተመልሶ ስለሚሠራው ሥራ አንድም ቃል አለመጻፉን አየን። ሦስት ዓመት ሙሉ የትምህርት ክፍያ ልከን የጠየቅነው የፈተና ውጤቱን ብቻ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑም ደብዳቤ አልጻፈችለትም።

ሁለተኛው ከላይ ከጠቀስነው ወረዳ የተላከ ነው። በአገር ውስጥ ተምሮ ማስትሬቱን ይዞ ተመለሰ። እሱ ሲማር ለባለቤቱና ለሦስት ልጆቹ በቆሎ ሊሰጥ ቃል የተገባው በሁለተኛው ዓመት ተቋርጦ፣ ሚስቱ ቆሎ እየሸጠች ቤቱን አቆየች። ሲመለስ ቦታው ለሌላ ተሰጥቶ አገኘው። ሽማግሌዎቹም «አሁን የተማረ ነው፤ ለእኛ ይከብደናል» ብለው ፈሩት። በስምንት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲሰብክ ተጠራ። በዚህ መካከል በከተማ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ጥሩ ደመወዝ ያለው ሥራ አቀረበለት። ከቤተ ክርስቲያን ሥራ ጋር የማይገናኝ ሥራ ነበር።

በዚያው ዓመት የበልግ ዝናብ ቀረ። ድርጅታችን የበቆሎና የቦሎቄ ዘር ይዞ ደረሰ፤ ዘሩ ግን ለሁሉ አይበቃም ነበር። ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን አባላት ይመዝገቡ አሉ፤ በገላትያ 6፥10 ለእምነት ቤተ ሰዎች ይበልጥ መልካም ስለማድረግ የተጻፈውን እያነሡ። እኛ «የድርጅቱ ደንብ ለችግረኛ ሁሉ ነው» አልን። ያን ጊዜ በመግቢያችን የጠቀስናቸው አባት፣ «ደንቡ የድርጅት ነው፤ ይህ ግን የእግዚአብሔር ቃል ነው። የቱን እንስማ?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ወንድማችን ተጠራ። ሦስት ምሽት በእኚሁ አባት ቤት ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጠ። ግሪክ ማወቁን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣም። በመጀመሪያው ምሽት መልእክቱን ከዳር እስከ ዳር አስነበባቸውና፣ ጳውሎስ የሚከራከረው ሰውን በውስጥና በውጭ ከሚለዩት ጋር መሆኑን ራሳቸው እንዲያገኙት አደረገ። በሁለተኛው ምሽት በዘሌዋውያን 19 ስለ መጻተኛ የተጻፈውንና የደጉን ሳምራዊ ታሪክ አነበቡ። በሦስተኛው ምሽት ወደዚያው ጥቅስ መልሶ አመጣቸው። «እናንተም ያላችሁት እውነት አለበት» አላቸው፤ «የእምነት ቤተ ሰዎች ሊረሱ አይገባም። ነገር ግን ጥቅሱ አስቀድሞ የሚናገረው ለሰው ሁሉ መልካም ስለማድረግ ነው። ‹ይበልጥ› ማለት ‹ብቻ› ማለት አይደለም።»

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉ ጎረቤቶችንም ጨምረው ኮሚቴ አቆሙ፤ ዘሩም እንደ ችግሩ መጠን ተከፈለ። ማኅበረ ምእመናኑ ደግሞ ከራሷ ጎተራ አዋጥታ ለመመዝገብ ያፈሩትን የራሷን መበለቶች ረዳች። ሁለቱም የጥቅሱ ክፍሎች ተፈጸሙ። እኛ በደንብ ልናስከብር ያቃተንን፣ እሱ ቃሉን በማስረዳት አስፈጸመው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከዚህ ሁሉ የደረስንበት አሳብ አንድ ነው፤ የሴሚናሪ ትምህርት ፍሬ አብዛኛው የሚወሰነው ተማሪው ከመሄዱ በፊትና ከተመለሰ በኋላ፣ በላከችው ማኅበረ ምእመናን እጅ ነው። ስለዚህ፦

አንደኛ፣ ተፈትኖ የታወቀውን ላኩ። ዲግሪ አገልግሎትን ያሰፋ እንደ ሆነ እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። እህቶችንም አትዝለሉ፤ በሴቶችና በልጆች መካከል የሚያስተምሩት አብዛኞቹ እነሱ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ከመላኩ በፊት የሚመለስበትን ሥራ በቃለ ጉባኤ ጻፉ። ማን ደመወዙን እንደሚከፍልም አብሮ ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ቤተሰቡን አስቡ። ለሚስቱ የተገባ ቃል ለትምህርት ቤቱ ከሚላክ ክፍያ እኩል የከበረ ነው።

አራተኛ፣ ደብዳቤ ጻፉለት፤ በዕረፍት ጊዜው ጠርታችሁ አስተምሩበት። የጥናት ጽሑፉንም ርእስ እናንተ ከሚያስጨንቃችሁ ጥያቄ እንዲመርጥ ለምኑት።

አምስተኛ፣ ሲመለስ አትፍሩት። እሱም የቀሩትን እንዳይንቅ በፍቅር ንገሩት።

ስድስተኛ፣ ቁጠሩ። ከአንድ ዓመትና ከአምስት ዓመት በኋላ የት እንዳለና ማንን እንደሚያስተምር በጉባኤ ይነገር። የፕሮጀክት ባልደረቦች ሆይ፣ በየወረዳችሁ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ምሩቅ ቢኖር በመጀመሪያ ልታውቁት የሚገባችሁ እናንተ ናችሁ።

ሁሉ ሰው ወደ ሴሚናሪ መሄድ አለበት አንልም። እርሻና ቤተሰብ ላለው ሽማግሌ ትምህርቱ ወደ ቤቱ የሚመጣበት መንገድ ይሻለዋል። ጥቂቶች ግን ርቀው መማር አለባቸው፤ ስለ ሌሎቹ ሲሉ።

ይህን ጽሑፍ ከማተማችን በፊት ወደዚያ ወረዳ ሄደን ለጠየቁን አባት አነበብንላቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ልጆቼ፣ ምን እንደሚጠቅም በዓይኔ አይቻለሁ፤ አሁን የምጠይቃችሁ እሱን የት እንደምናስቀምጠው ነው» አሉ። በእሳቸው አሳብ አቅራቢነት ሦስት አጥቢያዎች የደመወዙን ግማሽ ለማዋጣት ተስማምተዋል። ግማሹ ገና አልተገኘም። ወንድማችን በሳምንት ሁለት ቀን በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ በቀረው ቀን ያርሳል። የከተማው ሥራም እስካሁን ይጠብቀዋል።

ስለ እሱ፣ ስለ ባለቤቱና ስለ ሦስቱ አጥቢያዎች በጸሎት አስቡ። በየአጥቢያችሁም የላካችኋቸውን ስም እየጠራችሁ የት እንዳሉ ጠይቁ። የሰላም አምላክ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።